302 ቀናት

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያን ለጦሩ ስንቅ ብሎ ከባሕር ማዶ ያስመጣቸው ከብቶች ምጽዋ ላይ ወረዱ። አብሯቸው የወረደውን ግን ያየ አልነበረም። ደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ሰሜኑን አዳረሰ፤ ወደ መሀል አገር ዘለቀ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም አህጉሩን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ። በኢትዮጵያ ከነበረው የቀንድ ከብት ከ10 እጅ 9ኙ እንዳለቀ ታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በዚያው ሰሞን ዝናቡ አጠረ፤ አንበጣና ተምች ተከታትለው መጡ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን ስሙ ክፉ ቀን ሆኖ ቀረ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት እስከ ዛሬ ይነገራል።

የክፉ ቀንን ጥፋት ያበዛው የዝናቡ ማጠር ብቻ አልነበረም። በሬ የሞተበት ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለትም የሚያርስበት የለውም። ጥማዱ ሲፈታ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ማሳው ጦሙን ሲያድር ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል፤ ዘሩ ከተበላ የሚቀጥለው ዓመት ከወዲሁ ተበላ ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ ሰዉ በዶማ እየቆፈረ እንዲዘራ ማዘዛቸው፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መቆፈራቸው፣ ጎተራቸውንም ማስከፈታቸው በዜና መዋዕላቸው ሰፍሯል። በሌላ በኩል አገሩ የጦር ሜዳ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በ1881 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ስንቅ ይዞ የሚዘምት ሠራዊት ጥቂት ነበር፤ ዘማቹ ያለፈበት አገር ገበሬ ቀለቡን ይችል ነበር። ቢሆንም የበሽታውን ምንነት የሚያውቅ ሐኪም፣ ክትባት፣ ወሬውን ፈጥኖ የሚያደርስ ስልክ አልነበረምና ያ ትውልድ ድንገት ተያዝኩ ቢል እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ በደንብ የተመዘገቡልን ረሀቦች ግን ይህ ምክንያት የላቸውም። ሁሉም ወሬያቸውን አስቀድመው ልከዋል። ሰውን የፈጀው ወሬው ከተሰማበት ቀን እስከ ተወሰነበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ጊዜ ርዝመት በየዘመኑ እየለካ ይሄዳል።

ረሀብ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ በአንድ ሌሊት አይወርድም። በልግ ሲቀር ገበሬው ያውቃል፤ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ሲወጣም ያውቃል። መጀመሪያ ከምግቡ ይቀንሳል። ቀጥሎ ፍየልና በግ ይሸጣል። ገበያው በሻጭ ሲሞላ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ሽቅብ ይወጣል። ቤተሰቡ ከዱር ሥራ ሥርና ቅጠል መልቀም ይጀምራል፤ ጎልማሶቹ ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። የእርሻ በሬው የሚሸጠው ሌላው ሁሉ ከተሟጠጠ በኋላ ነው። ከዚያ ቤቱ ይዘጋል፤ ቤተሰቡ እንዳለ ወደ አስፋልት ዳር ይሰደዳል። ከበልጉ መቅረት እስከ አስፋልቱ ዳር ወራት አሉ። ቀኑ መቆጠር ያለበት በልጉ ከቀረ ጀምሮ ነው፤ መንግሥታት ግን ሁልጊዜ ከአስፋልቱ ጀምረው ሲቆጥሩ ኖረዋል።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ ድርቅና አንበጣ ያመጡት ረሀብ በ100 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቶ አለፈ፤ ከአገሩ ውጭ የሰማው ሰው ግን ጥቂት ነበር። የ1958ቱ የወሎ ረሀብ ደግሞ የመዝገብ ማስረጃ ተርፎለታል። የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ ገጠር ለረሀብ ስለ መጋለጡ ባጠኑት ጥናት ስለዚህ ረሀብ የተጻፉትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ተከታትለዋቸዋል። የአካባቢው ፖሊስ ረሀብ መግባቱን አስታውቆ ነበር። ጉዳዩ ግን ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከርሞ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የደረሰው ችግሩ በታወቀ በ302ኛው ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱም የአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲያስብበት አዘዙ። ሚኒስቴሩ በበኩሉ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተዘጋጅቶ እንዲላክለት ለወሎ ሹማምንት ጻፈ። ገበሬው እህል ጠብቆ ነበር፤ የተጠየቀው ግን የሙታን መዝገብ ነው። ጥቂት እርዳታ የተፈቀደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለዚህ መዘግየት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ አገሩ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት፣ የጽሕፈት ቤቱም አሠራር ገና ያልሠለጠነ ነበር ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ 302 ቀንን ግን አያስረዳም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበቅሎ የተላከ ደብዳቤ እንኳ ቢዘገይ በአንድ ወር ይደርሳል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ስልክም መኪናም ነበረ። ደብዳቤውን ያዘገየው ያረፈበት ጠረጴዛ ነው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ የተቀመጠው ሹም ሕዝቡ ተራበ ብሎ ወደ ላይ ቢጽፍ አስተዳደሩ ደካማ መሆኑን በራሱ ላይ መመስከሩ ነው፤ ግብርም ይቀርበታል። ዝም ቢል ግን የሚጠይቀው የለም። ረሀብን በሰዓቱ ያልተናገረ ሹም በዚያ ዘመን ሕግ ምን ወንጀል ነበረበት? ምንም። ስለዚህ ዝምታው ከአንድ ክፉ ሰው የመጣ አይደለም፤ ሥርዓቱ ዝም ላለው ይከፍል፣ የተናገረውን ይቀጣ ነበር።

ሰባት ዓመት ሳይቆይ ያው ታሪክ በሚበልጥ ስፋት ተደገመ። በ1965 ዓ.ም. ወሎን ድርቅ ሲመታው፣ በየካቲት ወር 1,500 ያህል የወሎ ገበሬዎች እርዳታ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ ፖሊስ መለሳቸው። እነዚህ ሰዎች ከማንኛውም ሪፖርት የበለጡ ነበሩ፤ ወሬው በእግሩ ተጉዞ ከተማው በር ደርሶ ነበር። በሚያዝያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው አሳዩ፤ ተማሪውም ተነሣ። መንግሥት ግን ነገሩ እንዳይወጣ መሸፈኑን መረጠ። በአገሩ የነበሩት የውጭ ድርጅቶችም የመንግሥቱን ፊት ላለማጥቆር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበርና ተጠያቂነቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያልታወቀው ረሀብ በሚል ርእስ ፊልሙን ለንደን ላይ አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት በኅዳር ነው። የሞተው ሰው ብዛት እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ዝቅተኛው ግምት ከ40 እስከ 80 ሺህ ሲሆን፣ 200 ሺህ የሚሉም አሉ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ተቃውሞ ይነሣል። ወሬው ቢደርስስ ድሀ አገር ከየት አምጥቶ ይሰጣል? እህል ከሌለ ማወቁ ምን ይፈይዳል? ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሰጠው በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረሀብ መርምሮ፣ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ በጠቅላላ የነበረው የምግብ መጠን ከወትሮው ብዙ እንዳልቀነሰ አሳየ። ደሴ ገበያ ላይ እንኳ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ዋጋው ያልናረው የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው፤ ገበያ ደግሞ ብር የሌለውን ሰው አይቆጥርም። ሰው የሞተው እህል የጫነ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው ተአምር አልነበረም፤ ገበሬው በሬውን ከመሸጡ በፊት ጥቂት ብር ወይም ጥቂት እህል እጁ ቢገባ ይበቃ ነበር።

ከዚህ ጥፋት አንድ መልካም ነገር ተወለደ። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ሕዝቡ እማማኮ የሚለው ነው። ጥቂት ቆይቶም የዝናቡን፣ የሰብሉንና የገበያውን ዋጋ እየሰበሰበ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል አቋቋመ። በአፍሪካ ከቀደሙት መካከል የሚቆጠር ነው። የገበሬውን ዕውቀት፣ ያንን የፍየልና የበሬ ዋጋ፣ ወረቀት ላይ ያሰፈረው እሱ ነው። የ302 ቀኑ ታሪክ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት፤ ግን አላበቃም።

በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሰብስቦ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ነገራቸው። የጎደለው እህል 900 ሺህ ቶን ነው፤ ወደብና መኪና የሚችለውን አስበን የምንለምነው ግን 450 ሺህ ቶን ነው አላቸው። ለጋሾቹ ቁጥሩ የተጋነነ መሰላቸው፤ የሰጡትም ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር። ለሶሻሊስት መንግሥት ጡንቻ መስጠት ያልፈለጉም ነበሩባቸው። ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ደርግ በበኩሉ ሐሳቡን በመስከረም 1977 በሚከበረው በ10ኛው የአብዮት በዓልና በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ላይ ጥሎ፣ የረሀብ ወሬ በዓሉን እንዳያደበዝዝ ተጠነቀቀ። ልዩነቱን ልብ ይሏል። በ1958 ወሬው መንገድ ላይ ቀረ። በ1976 ወሬው በቁጥር፣ በካርታ፣ በሰዓቱ ደርሷል፤ የሰማው ሁሉ ግን ለመወሰን የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ማስጠንቀቂያ መስማት አንድ ነገር ነው፤ በሰሙት ማግስት መንቀሳቀስ ሌላ። አገሪቱ የመጀመሪያውን ሠርታ ሁለተኛውን አልሠራችም ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የጋዜጠኛው የማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን ዘገባ ከኮረም መጠለያ በቢቢሲ ታየ፤ ዓለም ተነሣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው፤ የከረመ ፍየል፣ የቆመ በሬ፣ ያልተዘጋ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ በእነዚያ ወራት አስፋልት ዳር ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው እርዳታ ብዙ ሕይወት ቢያድንም፣ የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ደግሞም የሰባ ሰባቱ ድርቅ ብቻውን አልመጣም። ረሀቡ የከፋው ጦርነቱ በከፋበት በትግራይ፣ በሰሜን ወሎና በኤርትራ ነው። የግል ነጋዴ እህል ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዝ በየኬላው ይያዝ ነበር። ገበሬው ኮታውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቆርጦ በተሰጠ ዋጋ ያስረክባል። ገበያ በአውሮፕላን በሚደበደብበት አገር ገበሬው ፍየሉን የት ወስዶ ይሸጣል? 600 ሺህ ያህል ሰው በሠፈራ ስም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ ብዙው ሳይወድ በግድ ነው። ዝናብ ማጠሩ የተፈጥሮ ነው፤ ከዚህ በላይ የተቆጠረው ሁሉ ግን በሰው እጅ የተፈረመ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያሉት 40 ዓመታት መንገዱን የማሳጠር ታሪክ ናቸው፤ መሳካትም መሰናከልም አለባቸው። ከመርከብ የሚጠበቅ እህል ወራት ስለሚፈጅ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዳማ፣ በመቀሌ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተደራጀ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የእርዳታ ድርጅት የለጋሽ ቃል በእጁ ከያዘ እህሉን ዛሬ ተበድሮ ያድላል፤ መርከቡ ሲገባ ይተካል። ይህ ብቻውን ወራትን ቆርጧል። ሆኖም መንገዱ ያጠረው ለሁሉም እኩል አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በጎዴ አካባቢ ድርቁ ሲበረታ እርዳታው ዘገየ። በኋላ የተደረገው ጥናት አብዛኛው ሞት የደረሰው እርዳታው በብዛት ከመድረሱ በፊት መሆኑን፣ በየማከፋፈያው የተጨናነቁትን ሕፃናትም ኩፍኝ እንደፈጃቸው አሳየ። ሥርዓቱ የተሠራው የደጋ ገበሬን እያሰበ ነበር። የአርብቶ አደሩ የአደጋ ምልክት ከእርሻ ማሳ ሳይሆን ከግጦሽና ከውሃ ጉድጓድ ይነበባል፤ ያንን የሚያነብ አልተመደበም ነበር። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከስንዴው እኩል እርዳታ መሆኑ የታወቀው በሕፃናት ሕይወት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚባለው በየዓመቱ የምግብ ክፍተት እንዳለበት የሚታወቀውን ገበሬ ስሙን አስቀድሞ መዝግቦ፣ በየዓመቱ ለስድስት ወር ያህል ብር ወይም እህል ይሰጠው ጀመር። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋዊና አቅመ ደካማ ያለ ሥራ ይቀበላል። በ5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተጀምሮ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሰነዘረው ክስ ሕዝቡን እርዳታ ጠባቂ ያደርጋል የሚል ነው። ክሱ ቀላል አይደለም፤ ከአገኘው ድጋፍ ተመርቆ የወጣው ሰው ከታቀደው ያነሰ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው በሬው ነው። በበጋ መጨረሻ ጥቂት ብር እጁ የገባ ገበሬ በሬውን አይሸጥም፤ በሬውን ያልሸጠ ሰው ሰኔ ላይ ያርሳል፤ ያረሰ ሰው ደግሞ ከጠባቂነት ከሁሉ የራቀ ነው። ጠባቂ የሚሆነው በሬውን ሸጦ የጨረሰው ነው። በክፉ ቀን የታየው የጥማዱ መፈታት ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ መልስ ያገኘው በዚህ ነው።

መልሱ የተፈተነበት ቀን ሩቅ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. ያው ድርቅ የአፍሪካ ቀንድን በሙሉ መታ። በሶማሊያ 260 ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። እዚያም ማስጠንቀቂያው ከወራት በፊት ተነግሮ ነበር፤ ታጣቂው ቡድን አልሸባብ በያዘው አገር የእርዳታ ድርጅት አላስገባም አለ፤ ለጋሾችም ብራቸውን የፈቱት በሐምሌ ወር ረሀብ ተብሎ ከታወጀ በኋላ ነው። በድንበሩ በዚህ በኩል፣ በኢትዮጵያ፣ ችግሩ ብርቱ ቢሆንም እልቂት አልደረሰም፤ እንዲያውም ከሶማሊያ ከሸሸው ሕዝብ ከፊሉ ዶሎ አዶ ነው የተጠለለው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ያመጣው ድርቅ በዐሥርት ዓመታት ካየናቸው ከባዶቹ አንዱ ነበር። 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈለገ፤ በሴፍቲኔት ከታቀፈው ወደ 8 ሚሊዮን ከሚጠጋ ሕዝብ ጋር 18 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። መንግሥት የለጋሽን እጅ ሳይጠብቅ ከራሱ ካዝና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ስንዴ ገዛ። ከብት አልቋል፣ ሕፃናት ተጎድተዋል፤ የ1977ቱ ግን አልተደገመም። ድርቅ ሁሉ ረሀብ ነው የሚል ሰው ካለ እነዚህን ሁለት ዓመታት ይመልከት።

ይህን ያህል የተሠራውን ሥርዓት ያፈረሰው ሰማይ አይደለም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በኋላም ወደ አማራና ወደ አፋር ተዛመተ። የሴፍቲኔት ክፍያ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ሰብልና በሬ ተዘረፈ። በሰኔ 2013 የምግብ ዋስትናን ደረጃ የሚለዩት ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች በትግራይና በአጎራባች አካባቢዎች 350 ሺህ ሰው የመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ መድረሱን አስታወቁ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ግምቱን አልተቀበለም። በሰኔ 2015 ደግሞ እህሉ ወደ ገበያና ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በአገሪቱ ሁሉ እርዳታቸውን ለወራት አቆሙ። የሰረቀውን ማጋለጥ ተገቢ ነበር፤ የሌባው ቅጣት ግን በተራበው ላይ ወደቀ።

የረሀብን ወሬ ቶሎ ማውጣት የአገርን ገጽታ ያጎድፋል የሚለው ክርክር በንጉሡም፣ በደርጉም፣ ከዚያ ወዲህም ሲነሣ ኖሯል። የሚናገሩት ሁሉ ክፉ ልብ ያላቸው ናቸው አልልም፤ ስሙ ከረሀብ ጋር ብቻ ሲጠራ የኖረ ሕዝብ በዚህ ቢሰለች ፍርድ አለው። ግን ማስረጃው በሌላው ወገን ነው። የኢትዮጵያን ስም ያጎደፈው የኮረም ሥዕል ነው፤ ያ ሥዕል የተነሣው ደግሞ የመጋቢቱ ማስጠንቀቂያ ስላልተሰማ ነው። በ2008 ቁጥሩ ቀድሞ ታወጀ፤ የሚነሣ ሥዕልም አልተገኘም። ሐሰተኛ ደወል ይበዛል የሚለው ፍርሃትም ቢሆን፣ ያላስፈለገ እህል ጎተራ ገብቶ ለከርሞ ይቆያል። የዘገየ እህል ግን የሞተውን አያነሣም።

ስለዚህ የቀረው ሥራ የታወቀ ነው። አንድ ወረዳ ድርቅ ገብቷል ብሎ ሲያስታውቅ ከላይ ያለው አካል በስንት ቀን መልስ መስጠት እንዳለበት በሕግ ይቆረጥ፤ ዝም ያለው ይጠየቅ፤ የተናገረው ይጠበቅ። የመጠባበቂያው ክምችት መጠን ለሕዝብ ይገለጥ። ጦርነት ቢነሣ እንኳ የሴፍቲኔት ክፍያና የእህል መንገድ እንዳይነካ ተዋጊዎቹ ሁሉ አስቀድመው ይስማሙበት። ጋዜጠኛ ሆይ፣ የዶላርን ዋጋ በየቀኑ ትነግረናለህ፤ የበሬና የጤፍ ዋጋ በሰቆጣ፣ በያቤሎና በጎዴ ገበያ ስንት እንደዋለም በየሳምንቱ ንገረን። አንባቢም ሳይነገርህ ስትቀር ጠይቅ።